የጎደለችው ኸ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ ፍርድ ቤቱን ሲያለብስ፣
እኔ አጥሩ ሥር ነኝ፣ ጥቁር ሪባን ሳድስ።
ገጹ በሦስት ብር፣ ካርቦን ካለው አራት፣
ለሰው ርስት ክርክር፣ ጣቴን ሳከራያት።

መኪናዬ ባዕድ ናት፤
ሁለት መቶ ሠላሳ ፊደል ሲመጣባት፣
በአርባ ምናምን ቁልፍ ማደሪያ ጠፋባት።
ግዕዙን እመታለሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ
ካዕቡን እግር እቀጥላለሁ፣ ኃምሱን ቀለበት አልብሼ፤
አንዱ ሆሄ ያነክሳል፣ አንዱ አንገቱ ይጣመማል፣
ዳኛው ግን ያነቡታል፤ ዓይን የለመደው ያምራል።
«ፊደል ለብረት ብሎ ትንሽ ቢሰበር ምን አለው?»
ይሉ ነበር ጋሽ ይመር፣ መምታት ያስተማሩኝ ሰው።

ኸ ግን ከነጭራሹ የለችም።
ያቺ፣ ያገሬ ሰው «ኸየት መጣህ?» ሲል
ጉሮሮውን ዳብሳ የምትወጣዋ፣
ቁልፍ አልደረሳትም፤ ተረሳች በቃ።

አንድ ሰኞ ከገራዶ፣ በእግሯ፣ ልጅ አዝላ፣
ዋርሳዋ የነጠቃት መሬት አቃጥሏት መጣች፤
«ስም?» አልኩ ቀና ሳልል።
«ኸድጃ። ኸድጃ እንድሪስ» አለች።
ጣቴ ባየር ላይ ቆመ፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም፣
ከ ቅርብ ነበረች። «ከድጃ» ብዬ መታሁ።
ማንበብ አትችልም። አውራ ጣቷን ጫነች፣
መርቃኝ ሄደች።

ከዚያ ስንት ክረምት!
የእህቴ ልጅ ሡልጣን ፒያሳ ሱቅ ከፍቶ፣
ጀርባው የከበደ ኮምፒውተር አስገብቶ፣
ጠፍጣፋ ዲስክ ሲያጎርሰው ያጉረመርም ነበር።
«ጋሼ፣ የዚህ ቅድመ አያቶች አዳራሽ ይሞሉ ነበር፣
በተበሳ ካርቶን ነው ሰው የሚያነጋግራቸው፤
ካርቶኑን ደግሞ የቀዱት ከሸማኔ ዕቃ ነው» አለኝ።
የኮምቦልቻን ፋብሪካ አስቤ ሳቅሁ፤
ጨርቅ ሲሠሩ ሒሳብ ወጣላቸው!

ፊደል ሲጠፋው ሳጥን ይደረድራል፣
ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ እንደ ተዘጋ ሱቅ።
«የእኔ አንካሶች ይሻላሉ» ብዬ ተኩራራሁ።
አንድ ማታ ግን ሡልጣን ሁለት ቁልፍ ነካ፣
ወጣች!
ከነእህቶቿ፣ ኸ ኹ ኺ ኻ ኼ ኽ ኾ፣
ሰባቱም በእግራቸው፣ አንዳቸው ሳያነክሱ።
እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሡልጣን ምን እንደነካኝ አልገባውም።

ዘንድሮ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ገባ፣
ያ ሁሉ አቧራ ፎቶ ተነስቶ ተከተበ።
ያ የታዘለው ልጅ ሽበት ጀምሮታል፤
የእናቱን ውሳኔ ፍለጋ መስኮቱ ጋ ቆሟል።
«ኸድጃ እንድሪስ» አለ። ልጅቷ ጻፈች፣ ጠበቀች፤
«አልተገኘም።»
ደግማ ጻፈች። «በዚህ ስም ሰው የለም።»

ከጀርባው ነበርኩ፣ ስልኬን ካርድ ልሞላ ስወርድ፤
ጣቴ ኪሴ ውስጥ ሳትታዘዝ መምታት ጀመረች።
«በከ ሞክሪው» አልኋት፣
ራሴ እንኳ በማልሰማው ድምፅ።
ልጁ ዞር አለ።
አየኝ።
እንደ እናቱ፣ ወረፋ ላይ እንደቆመች።