ሰሙ ወርቅ ለብሶ

ሻርጃ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሥር፣ ሁለት ፎቅ ወደ ታች፣
የመኪና ንዝረት አይድረስባት ተብላ የተቆፈረች፣
ነሐሴን የማታውቅ ክፍል አለች።

መሣሪያውን ሲያሳጥሩት «ሴም» ይሉታል፤
እኔ ጆሮ ሲደርስ ሰም ይሆናል።
መምህር ጥሩሰው፣ ኮምቦልቻ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ጠመኔውን ሰብረው
«ሰሙን አቅልጡት፣ ወርቁ ያለው ከሥር ነው።»
እዚህ ተገልብጧል።
ወርቁ ከላይ ነው፤ እኔው ነኝ የምረጨው፣
ከፀጉር አሥር ሺህ ጊዜ የሳሳ ካባ፤
ከሥሩ ያለው ውሃ ነው።

ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ውሃ፣
የቀረው አራቱ ውሃን አትሂድ ብሎ የያዘ ክር።
ለተምር ሥር ተሠራ፤
አሸዋ የሰጡትን ሁሉ ስለሚረሳ
በሱ ፈንታ የሚያስታውስ ነገር።

ሴም ግን እርጥብ አይወድም።
ሆዱ ባዶ ነው፣ አየር እንኳ የለበትም፤
ጄሉን እንዳለ ብሰጠው
ተጨማዶ እንደ ዘቢብ ይቀራል።
እናም ማቀዝቀዝ አለብኝ፣ በፍጥነት፣
ውሃው በረዶ መሆኑን ሳያውቅ።
እጄ ካመነታ ይባንናል፣
መርፌ ያበቅላል፣
ክሩን እየገፋ፣ እያባረረ፣
ለራሱ ቤት ይሠራል።

ናሙና አሥራ ሰባት ላይ፣ ከናይትሮጅኑ አፍ፣
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።
ወንድሜ ነበር፣ ከሙስካት።
አንዲት ትንፋሽ፤
ከዚያ አትበልጥም።

ጠዋት ስክሪኑ ላይ የማር እንጀራ!
ክፍሉ ከክፍል የተሰናሰለ፣ ግድግዳው የጠራ።
ዶክተር ሸማ «ማሻላህ» አለች፤
ቢጁ የስልኩ ገጽ አደረገው።
ለጉባኤው ፖስተር ይሁን ተባለ፣
ስሜም ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፦ ሰዓዳ ይማም።
ለወንድሜ ላክሁለት።
ሦስት ቀን ዝም አልሁ።
ለመሆኑ የማር እንጀራ ከምን ይሠራል?
ከሰም።

በአራተኛው፣
«ዶክተር፣ ይህ ጄሉ አይደለም።
የበረዶ ዱካ ነው።
ቤቱን የሠራው የኔ መዘግየት ነው።»
የአባያዋን እጅጌ ሰብስባ ስክሪኑን ብዙ አየች።
«እርግጠኛ ነሽ?»
«አይደለሁም፤ የነገርሁሽም ለዚሁ ነው።»

እንደገና።
ናሙናውን ከጤፍ ቅንጣት አሳነስሁት፣
ስልኬን ከበር ውጭ ተውሁት፣
እጄን እንደ ጭልፊት ጣልሁት።

የወጣው አያምርም።
ግራጫ ነው፣ በእኛ አፍ እንደ ስሟ፣ አሮጌ ሸማ፣
ጥለቱ ያለቀ፣
እዚህ ወፍሮ እዚያ የሳሳ፣ የተበጠሰ፣ የተወሳሰበ።
የስልኩ ገጽ ያደረገው የለም።
«እንዲህ ሆኖ ነው ውሃውን የያዘው?» አለች፣
ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው፤
«እንዴት አድርጎ?»
ፖስተሩ ይህን ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ደረጃውን ወጥቼ በሩን ብከፍት
መነጽሬ በአንዴ ነጣ፤
ባሕረ ሰላጤው ሞቅ ብሎ ፊቴ ላይ አረፈ።
ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣
ቢጁ የተረፈ ጄል የቀበረላት ችግኝ አለች፤
ትጽደቅ አትጽደቅ ገና አልለየላትም።
ወደሷ ዞሬ ቆምሁ።
መነጽሬን አልጠረግሁትም፣
በራሱ ጊዜ እስኪጠራ።