ሦስተኛው ከረጢት

ኩልና፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ዝናቡ ጣራውን ይደልቃል።
አራተኛው አልጋ ላይ ሞክሌስ፣ ሸርጣን አጥማጁ፣
ግንባሩ ግሎ፣ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ያልቃል።
ጣቱን የቆረጠው ቅርፊት ከጥፍር ያነሰ፤
በሦስት ቀን ክንዱን ዘልቆ ከደሙ ደረሰ።
ግፊቱ ሰባ በአርባ። ጥፍሩን ጫን አልኩና ቆጠርኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…
ሰባት ላይ ሲቀላ እኔም ተነፈስኩ።

ሺውሊ በጨለማ ሥር ፈልጋ ሁለት መርፌ ተከለች፣
ለምርመራ ደም ቀዳች፤ ከዚያ፣ ሰዓት ሳይሞላ፣
ሴፍትሪያክሶን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ አንዱ ካንዱ ኋላ።
ውሃውም ገባ። የመጀመሪያውን ከረጢት እንደ ተሰነጠቀ መሬት ጠጣው፤
ሁለተኛውን ሰቀልን፤ ግፊቱ ሰማንያን ነካና መልሶ አጣው።

ልጁ ቶፋዝል በሩ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛውን ከረጢት ይዟል፤
«ዶክተር፣ ገዝቼዋለሁ» ይላል። ደረሰኙ ረጥቦ ቀለሙ ፈዟል።
«አባቴ ጠምቶታል፤ አያዩም ከንፈሩን?
ውሃ ላይ ለኖረ ሰው ውሃ ይነፈጋል? ንገሩኝ ነገሩን!»

ጆሮዬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ከታች፣ ከሳንባው ወለል፣
እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው፣
ጣጣ… ጣጣ የሚል።
እግሮቹን አንስተን ግፊቱን ጠበቅን፤ ወይ ፍንክች አላለም፤
ልቡ «ስሙኝ» ነው የሚለው፤ «ጨምሩ» የሚል ቃል የለም።

እኔ ግድብ ሥር ነው ያደግሁ። ውሃ ሲገባ አውቃለሁ፤
እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ አጎቴን ሲወስድ አይቻለሁ።
ያን ሌሊት መንደሩ ሁሉ በማሰሮ ሲቀዳ፣ ሲደፋ፣
«ውሃውን ተዉት፣ አፈር አምጡ!» ያለች አንዲት ሴት ነበረች።
የሰማት የለም። ብቻዋን፣ በሳሪዋ ጫፍ፣ ጭቃ አመላለሰች።

ቶፋዝል፣ የአባትህ ደም ሥሮች ላልተዋል፤ ግድባቸው ተንዷል፤
የምናፈስለት ሁሉ መንገድ ስቶ ወደ ሥጋው ወርዷል።
አሁን የሚሻው የሚያጠብቅ እጅ ነው።
ኖርአድሬናሊን ጀመርን፤ በጠብታ፣ በጭላፊ።
ክፍሉ ያለው ፓምፕ አንድ ነው፤ እሱም ሲያሻው ያንቀላፋል፤
ጠብታ ስትቆጥር ሺውሊ፣ ሌሊቱ በጣቷ ይገፋል።
ሃይድሮኮርቲዞን ጨመርን፤ ለደከመ ምርኩዝ።
ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ… አማካዩ ስልሳ አምስት ላይ ቆመ፤
ጥፍሩ በአራት ቀላ። የልጁ አንገት ዘመመ።

ሊነጋጋ ሲል ሺውሊ ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን አየችው፤
ሠላሳ ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ቀለም።
ወደ መብራቱ አንስታ እንደ ወርቅ መዘነችው።
«ወጣ» አለች። ሌላ ቃል አልነበራትም።

ቶፋዝል ባነነ። ከረጢቱ አሁንም ከጉያው አለ፤ ሞቋል።
«ይህንስ?»
«አስቀምጠው» አልኩት። «ነገ ራሱ ይፈልገው ይሆናል፤
ወይም ሌላ ሰው።»
ስድስተኛው አልጋ ባዶ ነው። ዝናቡም አላባራም።