ሠላሳ ሁለት ጠርሙስ

ባቡሩ ተኝቶ፣ ሐዲዱ ሲዝግ፣
ጡረታ የወጣው ፉርጎ ቆጣሪው አባቴ ባደግ፣
ከወርክሾፕ የተጣለ ብረት በጋሪ አስጭኖ፣
የስልክ ሽቦ ወጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ አሸዋ በትኖ፣
ደቻቱ ዳር ቆመ፣ በስልሳ ዓመቱ ገበሬ ሆኖ።

እናቴ ሐረገወይን ባረፈች በዓመቱ ነው ነገሩ።
ለምን? አልጠየቅነውም። እሱም አልነገረን፤
ብቻ ይቆፍራል፣ አቧራ ነው ፀጉሩ።

ግንዱን የሰጠው ሙሴ ስታቭሮ ነበር፣
ከዚራ ያለ ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ካገር፤
«ቁልፉ ለገዢዬ፣ ይሄ ላንተ» ብሎ፣
አሥራ አንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅሎ።

ለመሬቱ በጠጥ፣ የሆዳን ፍየሎች ካደሩበት በረት፤
ለቅጠሉ ኒም ነው፣ ሌሊቱን በበርሜል ተዘፍዝፎ ያደረ ምሬት።
ስንረጭ ውለን ማታ ዳቦ ስንቆርስ መራራ ነው ጣታችን፤
«እናንተንስ ትል እንኳ አይበላችሁ» ይላል አባታችን።

ሆዳን ጠጁን አትነካም፤ ዋጋዋን በዘለላ ትወስዳለች፣
በአጥሩ ላይ ዘንበል ብላ፣ ለልጆቿ እያካፈለች፣
«ፍሬው ሐላል ነበር፣ እናንተ አበላሻችሁት» ትለናለች።

አንድ ዓመት በሐምሌ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት ወረሰው፤
ኒሙም አላዳነው፣ አመዱም አልደረሰው።
ወንድሜ ደምሰው
ከማዶ ጫት አልሚዎች ፓምፕ ከነመርዙ ተውሶ
በሌሊት ረጭቶ ጨረሰው።

ነጋ። ሐረጉ ዳነ።
ቀፎው ሥር ግን ንቡ በእፍኝ ተዘገነ።

አባቴ አልጮኸም። ተንበረከከና
በባቡር ቆቡ ውስጥ አንድ ባንድ ለቀመ፤
ቀና ብሎ ደምሰውን አየው፤
ደምሰው እንደ ሐዲዱ ብረት ደርቆ ቆመ።

ፍሬው ደረሰ ኋላ፣ ከሌላው ዓመት በልጦ ያማረ፣ የሞላ።
ረገጥነው፣ ጠመቅነው፣ ከዳሚጃን ቀዳነው፤
አባቴ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ
ጠርሙሱን ደረደረው በተርታ፣ ከጓዳው ኋላ።
የፉርጎ ቁጥር ይጽፍበት በነበረው ጠመኔ
ጻፈበት፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ፋኖስ ይዤ እኔ፦
«ይሄ የኛ አይደለም።»

አልሸጠውም። አልደፋውም።
ደምሰውን ስለ መርዙ አንድ ቀን አንሥቶ አልወቀሰውም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ግን
በቤት ውስጥ እንደ ሰው ይቀመጣል፤
ምሳ ላይ ቦታ ይይዛል፣
ጨው አቀብሉኝ ይላል።

«ወረቀት አላችሁ?» አለ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ፣
«ኦርጋኒክ ለመሆኑ፣ ማኅተም ያለበት?»
አባቴ ሳቀ አንዴ።
ጓዳ አስገባው፣ ወደ አቧራው መደርደሪያ፣
ሠላሳ ሁለት ጠርሙስ አሳየው፦
«እነዚህን አልሸጥኩም። ሌላ የለኝም መመስከሪያ።»
ነጋዴው ራሱን አከከ። ሁለት ሣጥን ገዛ፣
ደረሰኝ ጠይቆ፣ ደረሰኝ ሲያጣ
በሙቀቱ እያማረረ በባጃጅ ሄደ ወደ ገበያ።

አባቴ ካረፈ አራት ጥቅምት አለፈ።
መግረዣ መቀሱ በኔ በሴት ልጁ እጅ ነው፤
ኒም ዛፉ ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ የሚወጣው፣
በርሜሉን የሚያማስለው፣
ማንም ሳያዘው፣ ደምሰው ነው።
ጠጅ በወራት ይጠመቃል፤
ሰው ሲጠመቅ ግን ዕድሜ ይፈጃል፤ በሱ አየሁት።

በየጠመቃው ዋዜማ ብቻውን ጓዳ ይገባል፣
የጠርሙሶቹን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፤
ፊደሉ ጋ ሲደርስ ጨርቁን ያነሣል።
የደበዘዘ ካለ ከኪሱ ጠመኔ ያወጣል፣
በአባቴ አጣጣል፣ «ኛ»ን ሰፋ አድርጎ፣
መልሶ ያደምቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ሆዳን ከአጥሩ ማዶ ተጣራች፦
«ንብ ገባባችሁ! ባዶው ቀፎ ውስጥ! የማን ነው?» አለች።
ወጣን፤ ጥቁር መንጋ፣ የሚያንዣብብ፣ ባለቤት የለም።
ደምሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይሰሙት ይመስል፣
«የኛ አይደለም» አለ፤
ውኃ በሳሕን ሊያቀርብላቸው ሄደ፣ ዞር ብሎ አላየኝም።