እረፊ

ነሐሴ፣ ሻርጃ ላይ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ጉም ከባሕር ወጥቶ ከተማዋን ዋጣት፤
አንድ ነገር ተረፈ፣ የማማው ቀይ መብራት።
እኛ ከሱ በላይ እንደ አውድማ በሬ
ዞረን፣ ዞረን፣ ዞረን፤ ጉም እንጂ የለ ፍሬ።
አጠገቤ መንበሩ፣ ካፒቴኑ፣ ያዛጋል፤
ከኋላችን ሥጋው፣ የሞጆ በግ፣ ይበርዳል።

ማማው ላይ ኹሉድ አለች። ሰባት ዓመት ሳውቃት
በጆሮዬ ብቻ ነው፤ ገበያ ባገኛት
ይቅርታ እንኳ ሳልል ገፍቼ የማልፋት።

ተራ የሚጠብቅ ሰው ወሬ አያጣም መቼም፣
ሞገዱም አንድ ነው፤ ያልተናገረ የለም።

«አናቶሊ፣ ከፊትህ ምን ምን ይታይሃል?»
«መስታወት፣ እመቤቴ። እሱም ቆሽሿል።»
«ኩሪያን፣ ነዳጅህ እስከ መቼ ይበቃል?»
«ነዳጁስ ግድ የለም፤ ትዕግሥቴ ቀድሞ ያልቃል።»
ከኩዌት የመጣ ጎረምሳ፣ ድምፁ እየሰለለ፣
«መሬቱ ጠፋብኝ!» አለ።
«መሬቱ የትም አልሄደ፣ ቦታው ላይ ነው ያለ፤
የጠፋኸስ አንተ ነህ፤
ወደ ግራ ዙርና ፈልገን፣ እባክህ።»

ቀጥሎ የኛ ተራ። በደንቡ መሠረት ጠየቀች፦
«ስንት ነፍስ ጭናችኋል?»
መንበሩ ጉሮሮውን እንደ ዳኛ ጠራርጎ፣
«ሁለት ነፍስ ከነሥጋዋ፤
ሁለት ሺህ ሥጋ ያለ ነፍስ።
በጎቹ ነፍሳቸውን ሞጆ ትተው መጡ፤
ለነፍስ ቪዛ የለም ቢሏቸው ምን ያምጡ?»

ሞገዱ ዝም አለ። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣
አንዱ ቁልፍ ሲነካ፣ ሌላውም ሲከተል፤
በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው የሚሳቅ።

ኋላ እኔ አጠፋሁ። አውራ ጣቴ ተረስቶ
ቁልፉ ላይ ተኝቶ፣
በአማርኛ ያልኩትን ሰማዩ ሁሉ ሰምቶ፦
«ይቺ ሴትዮ ዛሬ ስታዞረን ልታድር ነው፤
የሷስ ወንበር ቢዞር ነዳጅ አይበላ፣ ምን ገዷት ነው!»

ዝምታ።
ከዚያ ያው ድምፅ፣ ያቺው ኹሉድ፣
በአማርኛ፣ ያውም በወሎ ለዛ፣
«እረፊ!»

የመንበሩ እጅ ወደ ጎማ ማውረጃው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።
«ፈቀደች?» አለኝ፣ «ወይስ መቆጣቷ ነው?
አንተን ብትቆጣማ እረፍ ባለች ነበር፤
እረፊ ያለችው አውሮፕላኗን ነው!»
ሰሙ ማኮብኮቢያ፣ ወርቁ ኩርኩም ሆኖ፣
ሃያ ቶን ሥጋ አየር ላይ ቀረ በቅኔ ታፍኖ።
ኩሪያን ጣልቃ ገባ፦ «እኔም እረፊ ልሁን?»
አናቶሊ ምንም ሳይገባው ሳቀ።

«ሻርጃ፣ ይደገምልን፤ እንውረድ ነው ወይስ ዝም እንበል?»
«መጀመሪያ ዝም በሉ። መውረዱ ይደርሳል።»

ሲነጋጋ ጉሙ ሳሳ። ወረድን፤ ጎማችን ጨሰ።
ወደ ማቆሚያው ስንጓዝ አላስችል አለኝ፦
«ማማ፣ ያቺን ቃል ማን አስተማረሽ?»
«ጦይባ። ፀጉሬን ስትጎነጉን
አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር እንዲያ ትለኝ ነበር፣
አሥራ አንድ ዓመት። ሌላ አማርኛ አላውቅም።
አንተ ያልከውም አልገባኝ፤
ማጉረምረም ግን በየትም ቋንቋ ያው ማጉረምረም ነው።»

«አሁንስ የት አለች?»
«ከሚሴ ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር
ልጇ ደውሎ አንድ ቃል ነገረኝ፣ ከኔው ቃል የተወለደ፦
አረፈች አለኝ።
ደስ አለኝ። ብዙ ትደክም ነበር።
ተቀመጠች ማለት ነው፣ አይደል?»

በእኛ ሙያ የሰማኸውን ሁሉ መልሰህ ትደግማለህ፤
ያልተደገመ ቃል እንዳልተሰማ ነው።
መንበሩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።
ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ።
ሁለት ጠቅታ ሰማሁ ማለት ነው። አዎ ማለትም ይሆናል።
የቱን እንዳላት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ሞተሩ ጠፋ። የጭነቱ በር ተከፈተ፤
የተረፈው ጉም ገባ፣ ሥጋው ወጣ።