ፒካፕ አለኝ

«ፒካፕ አለኝ» አለኝ ጋሽ በዳሳ መጥቶ፣
የመድኃኒት ካርቶን ከደረቱ አውጥቶ።
«ጋራዡ ወዲያ ነው፣ ከባቡሩ ማዶ፤
እኔ ሬዲዮ ነኝ» ስለው ሳቀ፣ እንባው ወርዶ።

ካርቶኑን ገለጠው፤ ጥጡ ላይ ተኝታ፣
ክብሪት የምታክል፣ ጥርሷ ዝጎ፣ ሻግታ።
«ይቺ ነበረች» አለኝ፣ «በሆቴሉ ማታ
የኮንትሮባሴን ሆድ ለሰው የምትፈታ።
አንድ ቅዳሜ ግን፣ በዘፈን መካከል
ዝም አለች። ዝም እንዳለች ሃያ ስምንት ዓመት ይሆናል።»

የአዳማ ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ነፋሱ ከየሜዳው አቧራ ያመጣል፣
መብራት እንደ ዘመድ ሲለው ሄዶ ይመጣል።
ሰሚራን ጠራኋት፤ ለቀጭን ሥራ እሷ፤
የኔ ዓይን ጡረታ ወጥቷል፣ ማየት የራሷ።
ቴስተሩን አስነካች፤ መርፌው ቀጥ እንዳለ።
«ቁርጥ ነው» አለችኝ፣ «ከውስጥ የሆነ ስፍራ አለ።»

ፈታናት። እንዴት ላውጋህ የሽቦውን ቅጥነት!
ትንፋሽ ይበጥሰዋል፤ ሳል ክልክል፣ ሳቅ ኃጢአት።
ቬንትሌተር አጠፋን፣ በር ዘጋን፣ ላብ ጠጣን፤
እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ በጠመኔ እጽፋለሁ ዙሩን።
ሦስት ሺህ። የለም።
አራት ሺህ። የለም።
ሐሙስ መሸ፣ እሷ ጁምዓ ሰግዳ ተመለሰች፤ አሁንም የለም።
ሊያልቅ ክንድ ሲቀረው፣ አረንጓዴ ነጥብ፣ የዝገት ጠጠር፦
ቁርጡ ከሥሩ ነው፣ ከመጀመሪያው ዙር።

ጋሽ በዳሳ ሰማ። ባርኔጣውን አወለቀ።
«ቁርጤን ነገራችሁኝ» አለ፣ ድምፁ ደቀቀ።
«እኔ ማጉያው ነው ብዬ ይፍሩን፣ የድምፁን ሰው፣
መድረክ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ‹ደንቆሮ!› ያልኩት ለዚህ ነው?»
በዚያው ተኳረፉ። ይፍሩ ሞጆ ገባ፤
አንዱ የአንዱን ለቅሶ እንኳ ሳይደርስ ዘመን ተገባ።

አዲስ ሽቦስ ከየት? ከሞተ ስልክ ደወል።
መጠምጠሚያውስ? ልብስ ሰፊው ሙዘሚል
«ሲንጀሬ ምን ያቅተዋል?» አለ። እግሩ ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ እሷ በጣቷ ስትመራ
የሙሽራ ቀሚስ ባንኮኒው ላይ ሆኖ ጠበቀ ተራ።
ሰባት ሺህ ሲሞላ በሻማ ሰም ነከርናት፤ ሰሙ ቀዝቅዞ አደረ፣
መዳቡ ከሥሩ ወርቅ መስሎ ቀረ።

እሑድ ቤቱ ሄድን። ኮንትሮባሱ ጥግ ቆሟል፣ ጋቢ ለብሶ፣
እንደ ታመመ አጎት ግድግዳ ተንተርሶ።
ከጣውላው ጫፍ ገመዶቹ ሥር በብሎን አሰርናት፤
ማጉያውን ከፈትን። ጋሽ በዳሳ ነካት።
ጭጭ።

ሰሚራ ካቻቪቴ አስጠጋች፤ ስፒከሩ «ጧ!» አለ።
«ሕያው ናትኮ! ጋሼ፣ ገመድዎ ብረት አለው?» አለች፤ እሱ አቀረቀረ፣ ጥቂት ዝም አለ፦
«ናይለን ነው፤ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ የሸጠልኝ፤
ብረቱ ሲበጠስ ይኼው ነው የደረሰልኝ።»
ማግኔት ናይለን አይሰማም።
ደጅ የቆመው ባጃጅ የልጅ ልጁ ነው፤ ከወንበሩ ሥር የፍሬን ሽቦ አይጠፋም።

ወጠርን፤ ለወፍራሙ ሦስቱን ባንድ ገመድን፤ እንጨቱ ሲጥጥ አለ እንደ አሮጌ አልጋ፣
ጋሽ በዳሳ ወደ ወፍራሙ ጣቱን ዘረጋ።
ድምፁ ወጣ። አልጠራም፤ ጎርናና፣ ዝገት ዝገት የሚል፤
ድሮ የጭነቱ ባቡር ሳይታይ መሬቱ እንደሚል።

አልመረቀንም። አልሳቀም። ስልኩን አወጣ፣
ከተጣጠፈ ወረቀት ቁጥር ነካካ፤ ጠራ፤ ሰው መጣ።
«ወደ ስፒከሩ ያዢልኝ» ብቻ አለ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ረጅሙን ኖታ ጣለ።
ሞጆ ላይ ሳል ተሰማ። ከዚያ ያው የድሮው ሰው፦
«ቤዙ በዝቷል፣ በዳሳ፤ ቀንሰው።»
ጋሽ በዳሳ ጎንበስ አለና
ቀነሰው።