የነሐሴ ተረኛ

ዝናብ ከታቦር ላይ ተንዶ እየወረደ፣
ባጃጁ በጭቃ እየተንገዳገደ፣
ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ለት፣ አቶቴ ሠፈር ውስጥ፣
ዘርትሁን ቤት ገባን፣ ለጽዋ ልንቀመጥ።

እጇ ዓሣ ይሸታል፣ በሎሚ ብታሸው፤
ቅርፊት ከጥፍሯ ሥር ማን ነቅሎ ሊጨርሰው!
አሞራ ገደል ላይ አምባዛ ስትበልት፣
ከአሥር ብሯ ሁለት ለማኅበር ስትከት፣
እንዲያ የሞላ ሣጥን፣ አርባ ሦስት ሺህ ብር፣
ቁልፉ ላቀው ጋ ነው፤
ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ ሰኔ ላይ ሲቆጠር።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩን ዘርግቼ፣
ሰማያዊ እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ፣
የሙሴውን ቃል ነው የምጠባበቀው።
“ሰርዘው” አለ ሙሴው። “ይሰረዝ ላቀው።”

“የድሆች ዝክር ነው!” አለ አንዱ ተቆጥቶ።
“ልጁ ታሞበት ነው” አለ አንዱ፣ ድምፁን ዘግቶ።
“ታዲያስ? የኛስ ልጆች መቼ ታመው አያውቁም?
ሰዎች ቸገረን ብለው ከታቦት አይሰርቁም!”

እውነት ነው፤ አይሰርቁም። ልክ ነው እያልኩኝ፣
‹ላ›ን ባንዲት መስመር ወዲያው ሰረዝኩኝ።
ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣
የሱ ስም ሲደበዝዝ የኔ እንደሚከበር።

‹ቀ› ላይ ስደርስ ነው ዘርትሁን የገባች፣
በነጠላ ጫፏ ጽዋውን እንዳቀፈች።
“የነሐሴ ተረኛ ማነው?” አለች ቆማ።
ዝም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ሲሰማ።

“አንብብልኝ” አለች። “...ቀው” ብዬ አነበብኩ።
“ሙሉ ስሙን ነው እንጂ።” አፈርኩ። “ላቀው” አልኩ።

“ጽዋ በተራ ነው፤ ሰው መርጦ አይሄድም።
ብሩንም ይመልስ፤ እሱን አልክድም፤
የኔም ላብ አለበት፣ ሌሊት የተነሣሁት።
ግን ከሚፈላው ውሃ ዳር፣ በዛሬዋ ዕለት፣
ቂርቆስ እናቱን ‹አይዞሽ፣ አትፍሪ› ያለበት...”

አልጨረሰችውም። ዳቦውን ሸፈነች፣
ጽዋውን በፌስታል ደራርባ ወጣች።

ማንም አልተነሣ። ሙሴው አጉረመረመ።
እኔ ለምን ወጣሁ? እግሬ ነው የቀደመ።
ለጽዋው አዝኜ ነው ጃንጥላ የያዝኩት፤
ላቀውንማ ገና በልቤ አልማርኩት።
ባጃጁ እስከ ዳቶ መቶ ብር ጠየቀን፤
“ዓሣ ዓሣ ትላላችሁ!” ብሎ ሾፌሩ ሳቀብን።

አንኳኳች። የሚከፍት የለም።
ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ ሳል፤ ከዚያ ፀጥታ።
“ተራህ ነው” አለችው፣ ለበሩ።
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ልጁ ነው የከፈተው። እጁ ላይ ፕላስተር፣
ፊቱ ያባበጠ፤ ዓይኑ ዳቦው ላይ ነበር።
ከኋላው አባቱ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
አንድ እጁን ዘረጋ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
“በሁለት እጅ ነው እንጂ” አለች ዘርትሁን፣
ልጁን እንደሚቆጡ፤
“ጽዋ ባንድ እጅ አይያዝም።”
ሁለተኛው እጁ ከግድግዳው እስኪላቀቅ
ጃንጥላዬ ውሃ ሲያንጠባጥብ ቆየ፣ እነሱ ደጃፍ ላይ።

ብሩ? ገና ነው። በወር አምስት መቶ ያመጣል፤
አንዳንድ ወር ይቀራል።
ሙሴው እስከ ዛሬ ፊቱን ያዞርበታል።
ነሐሴ ላይ ግን ላቀው ቤት ሄድን፤ ሁሉም አይደለም፤ ሰባት ሆነን።
ወንበር ስላልበቃ አልጋው ላይ ተቀመጥን፣
ልጁ መሐላችን ተኝቶ።

እኔም ደብተሬ ላይ፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም፣
የሰረዝኳት ‹ላ› ጎን ሌላ ‹ላ› ጻፍኩኝ፤ ጠባብ ናት፣ አታምርም።
አዲስ አባል መጥቶ ተራ ሲያነብልን
“ላ-ላቀው” ይለዋል፣ እንደሚንተባተብ።
እኔ ግን አላርመውም።