ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር፣ ከፍርድ ቤቱ ጓሮ፣
ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ሣሩ እንደ ቆርቆሮ።
መዝጋቢው እኔ ነኝ፣ ደብተር ታቅፌያለሁ፣
የሰው ቤት ዕቃ በዕቃ ሲወጣ እቆጥራለሁ።
አንድ ሚዛን፣ አሮጌ። ሁለት የብረት አልጋ።
ሦስት ጥቅል ከፋይ፣ ብል የቀመሰው፣ ያለ ዋጋ።
የስፌት መኪና፣ መዘውሯ የላላ፣
ከሰፋችው ይልቅ ጨርቅ የምትበላ።
ቀጥሎ፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት፦
ሥዕል። መስታወቱ ስንጥቅ፣ ፍሬሙ ጥቁር እንጨት።

ምን ብዬ ልጻፈው? ባሕር አላውቅ እኔ፣
ከጣርማ በር ወዲያ አልወረደም ዓይኔ።
የማውቀው ደመና ነው፤ በክረምት ማለዳ
ከአንኮበር አፋፍ ሥር ሲነጠፍ እንደ ሜዳ፣
ቆላውን ሲከድነው፣ ጉብታው ሲሆን ደሴት፣
«ባሕር እንዲህ ነው» ያለችኝ ያሳደገችኝ ሴት
እሷም አላየችውም።

ይሄኛው ግን መርከብ አለው።
ምሰሶው ሦስት ሦስት፣ ሸራው የተጠቀለለ፣
ታንኳው እንደ ባቄላ እሸት ተፈልፍሎ የተጣለ።
ከውሃው አፍ በሰልፍ፣ በኖራ የነጡ፣
ሰንደቅ ያቆሙ ቤቶች ጎን ለጎን ተቀምጡ እንደተባሉ ተቀመጡ።
ሰማዩ የተልባ አበባ፣ ውሃው ጉሽ ጠላ፣
በየጀልባው ሆድ ሥር የተኛ አጭር ጥላ።

ባለቤቷ ዘሐራ ናት፣ የአልዩ አምባ ልጅ፣
(ከስሟ «ዘ»ን አንስተው «ጅ» ቢቀጥሉበት፣ ሐራጅ፤
ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ስም መቀለድ ነውር ነው።)
«ቅድመ አያቴ ነው» አለች፣ «በግመል፣ ከታጁራ፣
ጨው በቀኝ ተጭኖ፣ ይሄ ደግሞ በግራ።
አንድ መርከበኛ ብር ቢያጣ ለዕዳው
ይህን ሰጠው አሉ፣ ነቅሎ ከመርከብ ጓዳው።»

በዕዳ ገብቶ ነበር። በዕዳ ይወጣል።

«አባቴ የመን ነው ይላል፣ አጎቴ ስታምቡል፤
አንድ መምህር አየና ‹ቻይና!› አለ፣ አለቀ።
ኋላ መንገድ የሚሠራ ቻይናዊ ሱቄ ገባ፣
ካልሲ ሊገዛ። ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ
ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ።
ለሱም ሩቅ ነበረ።»

ልሳነወርቅ ጮኸ፦ «መነሻው አራት መቶ!»
ተቋራጩ ሳቀ፣ የወርቅ ጥርሱ ወጥቶ፦
«ፍሬሙ ለፎቶዬ፤ ባሕሩን ለዶሮ ቤት!»
ከኋላ ግን አንድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣
ጠዋት ሥዕሉን ገልብጦ ጀርባውን ያሸተተ፣
አሁን እንደሰለቸው ሰማይ ሰማዩን እያየ
«አምስት» አለ።
«ስድስት» አለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ሁላችን ዞርን።
አፈረ፤ ባርኔጣውን አስተካከለ።
«ሁለት ሺህ።»
ጸጥ። ከፋብሪካው በኩል የምሳ ጡሩምባ።
«አንደኛ! ሁለተኛ!...»

ዘሐራ ግንቡን ተደግፋ በጣቷ ትቆጥራለች።
«ከዕዳው ስንት ቀረ?»
ነገርኳት። «እሺ» አለች፣ ሻርፗን አጠበቀች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።
ማለዳ ስመዘግብ፣ መስታወቱን በእጅጌዬ ስወለውል፣
ከወደቡ ደረጃ፣ ከሻይ ሣጥኑ ክምር ሥር
ጤፍ የምታህል ሰው አየሁ፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር፣
ብሩሽ በጁ፣ የሚወርደውን ጭነት ሲቆጥር፤
አንገቱ እንደኔ ወደ ግራ የዘመመ፣
የሰው ንብረት ሲጽፍ፣ ሲጽፍ የከረመ።

ስለዚህ መዝገቡ እንዲህ ይላል፣ ከነማኅተሙ፦
«መርከብ ሰባት። ታንኳ ዐሥራ አንድ። ቤቶች። ባንዲራ።
ሰው የለበትም።»
የተጻፈ አይሰረዝ፣ ያልተጻፈ አይሸጥ።
ገዢው በጋዜጣ ጠቅልሎት፣ መኪናው ወደ ጫጫ ሲያመራ
አንድ ትርፍ ሰው አብሮ ሄዷል፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት፤
በሕጉ ከሄድን ግን እስካሁን የዘሐራ ነው።

ተራ ቁጥር ዐሥራ አምስት፦
የውሃ በርሜል። ክዳን የለውም።